የቤት ደላሎችና አሻሻጮች በኢንተርኔት ስለ መገኘት ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች፦ ለድሬዳዋና ለሐረር

ከዚህ በታች የተመለሱት ጥያቄዎች በድሬዳዋና በሐረር ቤት የሚያሻሽጡና የሚያከራዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ከጠያቂዎቹ መካከል ፈቃድ አውጥተው ቢሮ የከፈቱ አሉ፤ ስልካቸውንና የሚያውቋቸውን ሰዎች ብቻ ይዘው የሚሠሩም አሉ። መልሶቹ ለሁለቱም ይሆናሉ፤ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ደግሞ ለይተን ጽፈናል።

ድሬዳዋ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ደንበኛም የሚመጣው በሰው በሰው ነው። ኢንተርኔት ምን ይጨምርልኛል?

ለከተማው ነዋሪ ያሉት እውነት ነው። ከዚራ ተወልዶ ያደገ ሰው ቤት ሲፈልግ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ባለሱቁን፣ ከዚያ እርስዎን፤ ጎግል ትዝም አይለው ይሆናል። በስልኩ «የሚከራይ ቤት ድሬዳዋ» ብሎ ጽፎ የሚፈልገው በከተማዋ የሚጠይቀው ሰው የሌለው ነው። ይህ ሰው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ አግኝቶ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመደበ መምህር፣ ጅቡቲ ሆኖ ለእናቱ ቤት ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ ወይም አውሮፓ የሚኖር የድሬ ልጅም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ኢንተርኔቱ ያለዎትን የሰው መረብ አይተካም፤ መረቡ የማይደርስበትን ሰው ያመጣል እንጂ። ይህን ልዩነት መያዝ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሚጽፉት ከተማዋን ለማያውቅ ሰው መሆኑን ሲረሱ «ያው ታይዋን ጋ ስትደርስ ደውል» ብለው ይጽፋሉ፤ አንባቢው ደግሞ ታይዋን የገበያ ስም መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ጎግል ላይ ለመውጣት መክፈል አለብኝ?

የለብዎትም። በክፍያ የሚወጣው ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ይታያል፤ ለማስታወቂያ መክፈል ከሥሩ ባለው መደበኛ የፍለጋ ውጤት ላይ ደረጃዎን ከፍ አያደርግም። «ጎግል አንደኛ ቦታ ላይ በርግጠኝነት አስቀምጥዎታለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ባለሙያ ካጋጠመዎ፣ ቀብድ ተቀብሎ የሌላ ሰው ቤት እንደሚያስጎበኝ ደላላ ቁጠሩት። እንዲህ ያለ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ማንም የለም።

ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ታዲያ ለምንድን ነው ሰው ሲፈልግ የማልገኘው?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቤቱን የሚገልጹት ቃላት በሥዕል ውስጥ መታሰራቸው ነው። አንድ የተለመደ ማስታወቂያ በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ፦ የቤቱ ፎቶ ከሥር፣ በላዩ ላይ በቢጫ ፊደል «አስቸኳይ! የሚሸጥ ቤት!»፣ ጥግ ላይ ቀይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ የስልክ ቁጥር፤ ከፎቶው በታች ደግሞ ሁለት የእሳት ምልክትና «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ለዓይን ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። የፍለጋ ሞተሩ (እንደ ጎግል ያለው መፈለጊያ) ግን በዋናነት የሚያነበው በጽሑፍ የሰፈረውን ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረው «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ብቻ ነው። ሰፈሩ የለም፣ ካሬው የለም፣ «ቤት» የሚለው ቃል ራሱ የለም። ቴሌግራም ውስጥ ያለው መፈለጊያም ቢሆን በሥዕል ላይ የተጻፈውን አያወጣም።

ያንኑ ቤት እንዲህ ብለው ቢጽፉት ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን፣ ከዋናው አስፋልት 150 ሜትር ገባ ብሎ፣ በ200 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያረፈ ባለ ሦስት መኝታ የሚሸጥ ቪላ። ሰርቪስ ቤትና 2,000 ሊትር የውኃ ታንከር አለው። ካርታው በሻጩ ስም ነው። ዋጋው ለድርድር ክፍት ነው።» በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ አንድ ፈላጊ ሊጽፋቸው የሚችላቸው ቃላት አብዛኞቹ ይገኛሉ። ባለ ቢጫ ፊደሉን ሥዕል ከወደዱት ይተዉት፤ ጽሑፉን ግን ከሥሩ ያስቀምጡ።

ሁለተኛው ምክንያት ቻናሉ ዝግ መሆኑ ነው። በግብዣ ብቻ የሚገባበትን ቻናል የፍለጋ ሞተር አያየውም። የራሱ መጠሪያ ያለው ክፍት ቻናል ግን በድር ላይም ስለሚነበብ ጎግል ሊያገኘው ይችላል። ዝግ በሆነ የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ የለጠፉትም ከግሩፑ አባላት ውጭ ለሌላ አይታይም፤ ለአባላቱ ቢሆን እንኳ በሁለተኛው ቀን በሌሎች ልጥፎች ሥር ተቀብሮ ያገኙታል።

በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

በሁለቱም፤ አማርኛው ግን ከሚታሰበው በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱን ስም በብዙ መንገድ እንጽፈዋለን። «ድሬዳዋ»፣ «ድሬ ዳዋ»፣ «ድሬደዋ» የሚሉ አሉ። ሐረር በሐመሩ «ሐ»ም በሃሌታው «ሀ»ም ይጻፋል። «ኪራይ» እና «ክራይ»፣ «ኮንዶሚኒየም»፣ «ኮንዶሚንየም» እና አጠር ብሎ «ኮንዶ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። በዚህ ላይ አማርኛ መስተዋድዱን ከስሙ ጋር ያጣብቃል፦ «ድሬዳዋ»፣ «በድሬዳዋ»፣ «የድሬዳዋ»፣ «ከድሬዳዋ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ የፍለጋ ሞተሩ ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ያያቸዋል ብሎ መተማመን አይገባም።

መፍትሔው ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ መስመር መደርደር አይደለም፤ እንዲያ ያለው ጽሑፍ ለአንባቢ አስቀያሚ ነው፣ ጎግልም ቃላትን ያለ አግባብ ማጨቅን እንደ ማታለያ ይቆጥረዋል። ይልቅ በርዕሱ ላይ «የሚሸጥ ቤት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን» ብለው ስሙን ያለ መስተዋድድ ያስፍሩ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሲጠይቅ «በድሬዳዋ» ይበሉ። «ኮንዶሚኒየም» ብለው ከጀመሩ ወረድ ብለው አንድ ጊዜ «ኮንዶ» ማለት በቂ ነው። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ፈላጊዎችም ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ ውጭ አገር ያሉት የግእዝ ፊደል ሰሌዳ ስልካቸው ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የከተማውና የሰፈሩ ስም በላቲን ፊደልም ቢያንስ አንድ ጊዜ ይግባ።

የድሬ ገበያ ደግሞ በአንድ ቋንቋ አይገበያይም። በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ አንድ አንድ አንቀጽ ማከል ብዙ ተፎካካሪ ያላሰበበት ነገር ነው፤ ነገር ግን ለትርጉም ማሽን አይስጡት። መጋላ ወርደው ቋንቋውን አፉን የፈታበትን ሰው ያጽፉ፤ የአንድ ሻይ ወጪ ነው።

ቢሮዬን የጎግል ካርታ ላይ እንዴት ላስገባ? ያሉኝን ቤቶችስ አንድ በአንድ ማስገባት እችላለሁ?

ሁለተኛውን አስቀድመን እንመልስ፤ አይችሉም። የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል (ድርጅትን ካርታው ላይ የሚያወጣው ምዝገባ) ደንብ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ ባዶ ቤትን እንደ ድርጅት መመዝገብን በግልጽ ይከለክላል። የሽያጭ ወይም የኪራይ ቢሮ ግን ይፈቀዳል፤ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ አሻሻጭም በራሱ ስም ፕሮፋይል ሊኖረው ይችላል። ቢሮ የሌለዎትና ደንበኛ ዘንድ ሄደው የሚሠሩ ከሆነ አድራሻዎን ደብቀው የሚያገለግሉበትን አካባቢ ብቻ ማስመዝገብ ይፈቀድልዎታል።

ምዝገባው ነፃ ነው። ጎግል የድርጅቱ ባለቤት መሆንዎን ያረጋግጣል፤ በብዙ ሁኔታ ይህ የሚሆነው ሳይቆረጥ በሚቀረጽ ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ውስጥ መንገዱንና አካባቢውን፣ የቢሮውን ታፔላ፣ ከዚያም በሩን በራስዎ ቁልፍ ሲከፍቱ ወይም የንግድ ፈቃድዎን ሲያሳዩ መታየት አለበት። ታፔላ ሳይሰቅሉ መቅረጽ ለመውደቅ ቅርብ ነው። በስሙ ቦታ ላይ ታፔላዎ ላይ ያለውን ስም ብቻ ያስገቡ፤ ከስሙ ጎን «ርካሽ ቤት ሽያጭ ኪራይ ድሬዳዋ ሐረር» ብሎ መቀጠል ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል።

የሥራ ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጧት 2 ሰዓት እከፍታለሁ ብለው 2፡00 ካስገቡ ጎግል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ክፍት ነው ብሎ ለዓለም ይናገራል። ማስገባት ያለብዎት የጧቱን 8፡00 ነው። በድሬ ደግሞ ፀሐይዋ ስትበረታ ቢሮ ዘግተን ከቀትር በኋላ አመሻሽ ላይ መክፈታችን የታወቀ ነው። አንድ ቀን በሁለት ፈረቃ ተከፍሎ ሊመዘገብ ስለሚችል ይህንኑ እንዳለ ይጻፉ። «ክፍት ነው» የሚለውን አይቶ በቀትር ሐሩር በባጃጅ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም፤ አስተያየት መጻፉ ግን አይቀርም።

በካርታው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚታይ ጎግል ሦስት መመዘኛዎችን ይጠቅሳል፦ ድርጅቱ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና ታዋቂነቱ። ርቀቱን መለወጥ አይችሉም፤ ለገሃሬ ያለ ቢሮ ለመልካ ጀብዱ ፈላጊ ቅርብ ሊሆን አይችልም። የሥራ ዘርፍዎን በትክክል መምረጥ፣ ስልክዎን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ማድረግና እውነተኛ አስተያየቶችን ማሰባሰብ ግን በእጅዎ ነው።

ዘመዶቼና ጓደኞቼ ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት ቢጽፉልኝስ?

ያልተገለገለ ሰው አስተያየት እንዲጽፍ ማድረግም ሆነ ለአስተያየት ገንዘብ ወይም ቅናሽ መስጠት የተከለከለ ነው። ከክልከላው በላይ ደግሞ፣ በአንድ ቀን የተጻፉ አሥር «በጣም አሪፍ» የሚሉ አስተያየቶችን አንባቢው ራሱ ይነቃባቸዋል። ቁልፍ በሚያስረክቡበት ዕለት፣ ደንበኛው ደስታው ሳይበርድ፣ ማስፈንጠሪያውን ልከው «ያዩትን ይጻፉልኝ» ማለት ይበቃል። መጥፎ አስተያየት ከመጣ ሳይቆጡ በሁለት መስመር ይመልሱ፤ መልሱን የሚያነበው ተቆጪው ብቻ አይደለም።

ዋጋ ልጻፍ ወይስ «በውስጥ መስመር» ልበል?

ይጻፉ። ተቃውሞውን እናውቀዋለን፦ ዋጋ ከተጻፈ ሻጩ ይቆጣል፣ ሌላ ደላላ ወስዶ ጨምሮበት ይለጥፈዋል፣ ድርድሩ ይበላሻል ይባላል። ሦስቱም ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ አቅሙ ከማይደርስ ሃያ ሰው ስልክ ያመጣል፤ ገንዘቡን ይዞ ውጭ አገር ያለው ገዢ ግን የሰዓቱ ልዩነትና የስልክ ወጪው ስለሚያታክተው ዋጋ ያለበትን ቀጣዩን ማስታወቂያ ይከፍታል። ቁርጥ ያለ ቁጥር መጻፍ ካልቻሉ ከዚህ እስከዚህ ብለው ክልሉን ያመልክቱ፤ የጻፉበትንም ቀን ያስፍሩ። ሆን ብሎ ዝቅተኛ ዋጋ ለጥፎ «እሱማ ተሸጠ፣ ሌላ ላሳይዎ» ማለት ግን በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ስለተከለከለ ብልጠት ሳይሆን ጥፋት ነው።

ፎቶ እንዴት ላንሳ?

በጧት፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። የድሬ የቀትር ፀሐይ ነጭ ግድግዳን አቃጥሎ ያሳያል፤ ጥላው ደግሞ በረንዳውን ዋሻ ያስመስለዋል። ስልኩን በአግድም ይያዙ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ የታጠበ ልብስ ከገመዱ ላይ ይነሣ። ፎቶዎቹን ድረ ገጽ ላይ ከመጫንዎ በፊት መጠናቸውን ያሳንሱ፤ ከስልክ ካሜራ እንዳለ የወጣ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል። ሳፋሪኮም የአገልግሎት ሙከራውን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከጀመረ ወዲህ ለኔትወርክ አማራጭ ቢኖርም፣ የሰው የዳታ ጥቅል አሁንም በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ሃያ ፎቶ እስኪከፈት የሚጠብቅ የለም።

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ግን ይቅርብዎ። የባለቤቱ ስምና የይዞታው ዝርዝር የግል መረጃ ነው፤ አገሪቱም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። «ካርታ አለው» ብለው ይጻፉ፤ ካርታውን ለቁም ነገረኛ ገዢ በአካል ያሳዩ።

በዝርዝሩ ውስጥ ገዢው በጣም የሚፈልገው ምንድን ነው?

በሌላ ከተማ የተጻፈ ማስታወቂያ ገልብጠው «ፀጥታ የሰፈነበት፣ ለኑሮ ምቹ» ብቻ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ድሬ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ጣሪያው ኮርኒስ አለው? ለኤሲ የሚሆን መስመር ተዘርግቷል? ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚጥል ዛፍ አለ? ከደቻቱ ወንዝ ምን ያህል ይርቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የከተማው ሰው ያንን ሌሊት አልረሳውም። ቤቱ ከወንዙ ዳር ከሆነ ዝም ማለት ገዢውን አያታልለውም፤ ጉብኝት ላይ በዓይኑ ያየዋል። እነዚህን ጥያቄዎች በማስታወቂያው ውስጥ ቀድሞ የመለሰ አሻሻጭ ሁለት ነገር ያገኛል፦ ገዢው ያምነዋል፤ ገዢው ጎግል ላይ የሚጽፋቸው ቃላትም በገጹ ላይ ይገኛሉ።

የይዞታውን ዓይነት በትክክል ይግለጹ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው መሬቱ ሳይሆን ቤቱ ነው። ስለዚህ «የሚሸጥ መሬት» ብሎ መለጠፍ ራስን ለጥያቄ ማጋለጥ ነው። ይዞታው ነባር ነው ወይስ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የተገኘ፣ ሊዝ ከሆነ የቀረ ክፍያ አለ ወይ የሚለው ይጻፍ። ውጭ አገር ላለ ገዢ ደግሞ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መደንገጉን በአንድ አንቀጽ ቢያስረዱት፣ ያ አንቀጽ ከአሥር ማስታወቂያ የበለጠ ሰው ሊያመጣልዎ ይችላል፤ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚፈልግ ብዙ ነውና።

ሐረርም እሠራለሁ። አንድ ገጽ ይበቃኛል?

ለሐረር የሚሉት የተለየ ነገር ካለ የራሷን ገጽ ይስጧት። የድሬዳዋውን ገጽ ገልብጦ «ድሬዳዋ» የሚለውን በ«ሐረር» መተካት ግን አይጠቅምም፤ ጎግል ተመሳሳይ ገጾችን ሲያገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተወዋል። የተለየ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ሐረር ደጋማ ናት፤ ስለ ኤሲ የሚጠይቅ የለም። ጀጎል ውስጥ ያለ ቤት በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ቅጥር ውስጥ ያለ ስለሆነ፣ ገዢው አፍርሶ ፎቅ እሠራለሁ ብሎ ማሰብ እንደማይችልና ማንኛውም እድሳት የቅርስ ጥበቃ ፈቃድ እንደሚነካው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው አዲሱ የከተማው ክፍል ሌላ ገበያ ነው፤ ሁለቱን «ሐረር» በሚል አንድ ቃል ብቻ ማለፍ ፈላጊውን ያምታታዋል።

ድረ ገጽ የግድ ያስፈልገኛል?

ለጀማሪ የግድ አይደለም፤ ክፍት ቻናልና በደንብ የተሞላ የካርታ ፕሮፋይል ያስጀምራሉ። እንደ ጂጂ ያሉ የማስታወቂያ ገጾችም ይረዳሉ፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ቤትዎ ከተፎካካሪው ቤት ጎን ይቀመጣል፣ ሕጉንም የሚያወጣው ባለ ገጹ ነው። ሥራው ሲሰፋ የራስዎ ቤት ያሻዎታል።

ድረ ገጽ ካሠሩ የገጹ ስም (የድር አድራሻው) እና ዋናው ኢሜይል በእርስዎ ስም መመዝገቡን ያረጋግጡ። እኔ ራሴ ይህን ሳላረጋግጥ ለአንድ ልጅ ሰጥቼ ተሞኝቻለሁ። ሁሉንም በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ኖሮ፣ ሥራ ቀይሮ ከተማ ሲለቅ የይለፍ ቃሉ አብሮት ሄደ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ስልኩን ጥሎት ነበርና እሱም መግባት አልቻለም። የካርታው ፕሮፋይል የባለቤትነት ጥያቄ የሚቀርብበት መንገድ ስላለው ተመለሰልኝ፤ የገጹን ስም ግን ትቼ ሌላ መግዛት ነበረብኝ።

ውጤቱ መቼ ይታያል?

ጎግል ራሱ የሚለው ማሻሻያ ተደርጎ ጥቅሙ እስኪታይ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል ነው። የካርታው ፕሮፋይል ከዚያ ሊፈጥን ይችላል። በየዕለቱ ራስዎን እየፈለጉ ደረጃዎን መቁጠር አያዋጣም፤ ስልክዎ ልማድዎንና ያሉበትን ቦታ ስለሚያውቅ የሚያሳይዎ ውጤት ሌላው የሚያየው ላይሆን ይችላል። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል ነፃ መሣሪያ ሰዎች የትኞቹን ቃላት ጽፈው ወደ ገጽዎ እንደመጡ ያሳያል። ከእሱም የሚቀድመው ደብተር ነው፦ የደወለውን ሁሉ «የት አገኙኝ?» ብለው ይጠይቁና ይጻፉ።

ቤቱ ሲሸጥ ማስታወቂያውን ላጥፋው?

ቻናል ላይ ከሆነ አያጥፉት፤ አርመው ከላይ «ተሽጧል» ብለው ቀኑን ይጻፉበት፤ ስልክ ቁጥሩን ግን እንዳለ ይተዉት። ድረ ገጽ ላይም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከሥሩም በዚያው ሰፈር አሁን ያለዎትን ቤት ያመልክቱ። የባለቤቱን የቤት ውስጥ ፎቶዎች ግን የዚያኑ ዕለት ያጥፉ፤ አዲሱ ገዢ መኝታ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ማየት አይፈልግም።